የማይደክሙ ሠራተኞች፦ ከላስታ ዓለት እስከ ሳይበርትሮን

ከእናት ማሕፀን ያልወጣ፣ በተሠራ አካል የሚንቀሳቀስ ፍጡር በሥነ ጽሑፍ ውስጥ ዕድሜው ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የሮድሱ አፖሎንዮስ በጻፈው የአርጎ መርከበኞች ታሪክ ውስጥ ታሎስ የሚባል የነሐስ ግዙፍ የቀርጤስን ደሴት እየዞረ ይጠብቃል፤ ወደ ዳርቻው በሚጠጉ መርከቦች ላይ ቋጥኝ ይወረውራል። መላ አካሉ ነሐስ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ግን በስስ ቆዳ የተሸፈነ አንድ የደም ሥር አለው። ያ ሥር ሲቀደድ በውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ ቀለጠ እርሳስ ወርዶ ያልቅና ታሎስ ይወድቃል። ደራሲው የብረት አካል እንዳሰበ ወዲያው በውስጡ ምን እንደሚዘዋወር፣ በምን እንደሚኖርና በምን እንደሚሞት መናገር ግድ ሆነበት። ከእሱ በኋላ ስለ ማሽን ዘር የጻፉ ሁሉ እነዚህኑ ጥያቄዎች በየዘመናቸው ሲመልሱ ኖረዋል። የታሎስ ታሪክ ያላነሣው አንድ ጥያቄ ግን አለ፦ የማይደክም ሠራተኛ ሲመጣ የሚደክመው ሰው ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ በጥራት የሚያስነሣ ትረካ በኢትዮጵያ ደጋ፣ በላስታ ይገኛል።

ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ሮሃ በዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ትልቅ ስፍራ ነበረች። ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነው (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ዛሬ የምትጠራው በእሱ ስም ነው፤ 11ዱ አብያተ ክርስቲያናትም ከእሳተ ገሞራ ከተገኘ ቀይ ዓለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። አሠራራቸው የግንበኛ ሥራ ግልባጭ ነው። ግንበኛ ከመሠረት ተነሥቶ ጣሪያ ላይ ይጨርሳል፤ የሮሃ ጠራቢ ከጣሪያው ጀመረ። በመጀመሪያ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ መሐል ላይ አንድ ወጥ ዓለት አስቀረ። ከዚያ በመሮና በመጥረቢያ ወደ ታች እየወረደ ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ በሩን አወጣ፤ ወደ ውስጥ ዘልቆም ዓምዱንና ቅስቱን እያስቀረ የቀረውን ፈለፈለ። ጠራቢ ቢሳሳት አፍርሶ መገንባት የለም፤ አንድ ዓምድ ከተሰበረ ተሰበረ ነው። በየቀኑ የሚወጣው ፍርፋሪም ከጉድጓዱ በሰው ጉልበት ተግዞ መደፋት ነበረበት። የቤተ መድኃኔ ዓለምን 33 ሜትር ያህል ርዝመት ወይም የቤተ ጊዮርጊስን ጥልቅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው፣ ይህን ማን ሠራው ብሎ መጠየቅ ተፈጥሯዊ ነው።

ገድለ ላሊበላ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ግድም ነው። በገድሉ መሠረት ጠራቢዎቹ ብቻቸውን አልነበሩም፤ መላእክት አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። ቀን ሰዎቹ ሲሠሩ ይውላሉ፣ ሌሊት መላእክቱ ይቀጥላሉ፤ ሠራተኞቹ ማታ ትተውት የሄዱት ሥራ ጠዋት ጨምሮ ያገኙታል። በአካባቢው እስከ ዛሬ የሚነገረውም ይኸው ነው። ገድሉ ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የማይወሳ ሌላ ነገር ይተርካል፦ ንጉሡ ሥራውን ከማስጀመሩ በፊት ሠራተኞቹን ሰብስቦ እያንዳንዳቸው የደመወዛቸውን ልክ ራሳቸው እንዲናገሩ ጠየቃቸው፤ ማንም ያለ ፈቃዱ ተገድዶ ሠራሁ እንዳይል፣ ያሉትን ሊከፍላቸው ተስማማ፤ ሥራው እስኪያልቅም ከፈላቸው። የማይደክሙት ረዳቶች መምጣት የሚደክሙትን ሰዎች ደመወዝ አላስቀረም። የሌሊቱ ሥራ የተጨመረው በቀኑ ሥራ ላይ ነው።

እነዚህ ረዳቶች ምን ዓይነት ፍጡራን እንደሆኑ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት በዝርዝር ያስተምራል። መላእክት የተፈጠሩት በመጀመሪያው ቀን፣ በዕለተ እሑድ ነው። ረቂቃን ናቸው፤ አይበሉም፣ አይጠጡም፣ አያገቡም፣ አይዋለዱም፣ አይሞቱም። በመቶ ነገድ ተከፍለው በሦስቱ ሰማያት፣ ማለትም በኢዮር፣ በራማና በኤረር ባሉ አሥር ከተሞች ሰፍረዋል። በኢዮር አጋእዝት፣ ኪሩቤል፣ ሱራፌልና ኃይላት፤ በራማ አርባብ፣ መናብርትና ሥልጣናት፤ በኤረር መኳንንት፣ ሊቃናትና መላእክት ናቸው። እያንዳንዱ ከተማ አለቃ አለው፤ የኃይላት አለቃ ሚካኤል፣ የአርባብ ገብርኤል ነው። ይህ የእምነት ትምህርት እንጂ ልብ ወለድ አይደለም፤ ከልብ ወለድ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ያም ሆኖ በዚህ አገር የኖረ አንባቢ ከሰው ውጭ የሆነ ፍጡር ነገድ፣ አካልና ሥራ ተለይቶ ሲነገር የለመደው ከዚህ ትምህርት ነው። ስለ ማሽን ዘሮች የሚጻፈው ልብ ወለድም በኋላ ዘመን ተመሳሳይ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ አልቀረም።

የዛጉዌ መንግሥት በ1270 ከወደቀ በኋላ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ የአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልደረቦቹ ክብረ ነገሥትን በግእዝ አዘጋጁ። መጽሐፉ የአዲሱን ሥርወ መንግሥት ዘር ከሰሎሞን የሚያያይዝ ነው። በውስጡ ግን ለዚህ ታሪክ የሚሆን ነገር አለ፦ ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ አንዱ በጥበቡ የሠራው፣ በአየር ላይ የሚሄድ መጓጓዣ ነው። ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከኢየሩሳሌም የወጡት ሰዎችም ሠረገሎቻቸው ከምድር ከፍ ብለው፣ የብዙ ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሲሄዱ ይተረካል። እነዚህ መጓጓዣዎች የራሳቸው ሕይወት የላቸውም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ኃይል ከላይ የሚመጣ ነው። በእጅ የተሠራ ዕቃ የሰውን ድካም ሲያቀል ማሰብ ግን በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እንግዳ እንዳልነበር ያሳያሉ።

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ላሊበላን አይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 ታተመ። አልቫሬስ ስለ ሕንፃዎቹ አብዝቶ ቢጽፍ የሚያምነው እንደማያገኝ ፈርቶ፣ ያየውን እውነት በእግዚአብሔር ስም ምሎ አጸና። ሥራው 24 ዓመት እንደፈጀና የሠሩትም ከግብፅ የመጡ ነጮች እንደሆኑ እንደተነገረው ጽፏል። የላስታን ጠራቢዎች ከታሪኩ አውጥቶ ሌላ ሠሪ የመተካት ልማድ ከዚያ ወዲህ በተለያየ መልክ ተመላልሷል። ገድሉ በዚህ ረገድ ለሠራተኞቹ የበለጠ ፍትሐዊ ነው፤ መላእክቱን ሲያመጣ ሰዎቹን አላስወጣም።

ማሽን ራሱን የቻለ ዘር ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከእንፋሎት ሞተር መምጣት በኋላ ነው። በኒውዚላንድ በግ ሲያረባ የነበረው እንግሊዛዊ ሳሙኤል በትለር በ1863 ለክራይስትቸርች ጋዜጣ በላከው ደብዳቤ፣ ዳርዊን ስለ እንስሳትና ዕፅዋት የተናገረው ለማሽንም እንደሚሠራ ተከራከረ፦ ማሽኖች ከትውልድ ትውልድ እየተሻሻሉ ነው፣ አንድ ቀን የሰው ልጅ የበታች ይሆናል። በ1872 ባሳተመው «ኤርዎን» በተባለው ልብ ወለድ ደግሞ የመራባትን ጥያቄ መለሰ። ማሽን ማሽንን አይወልድም ለሚለው ተቃውሞ የሰጠው መልስ ብልህ ነው፦ ንብ የአበባውን ዱቄት ካላመላለሰች የማገጥ አበባ ዘር አያፈራም፤ ሆኖም ማገጥ መራቢያ የለውም የሚል የለም። ሰውም ለማሽን እንደ ንቧ ነው። የልብ ወለዱ አገር ሰዎች ይህን ክርክር አምነው ከተወሰነ ዘመን ወዲህ የተፈለሰፉ ማሽኖችን በሙሉ አጥፍተዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ሮቦት የሚለውን ስም የሰጠ፣ በባዮሎጂውም እስከ ዛሬ ተወዳዳሪ የሌለው ነው። ቼኩ ደራሲ ካሬል ቻፔክ «አር. ዩ. አር.» የተሰኘውን ተውኔት በ1920 አሳተመ፤ በጥር 1921 በፕራግ ብሔራዊ ቴአትር ለመድረክ በቃ። ዛሬ ሮቦት ሲባል ብረትና ሽቦ ይታሰባል። የቻፔክ ሮቦቶች ግን ሥጋ ናቸው። የባሕር ፍጥረታት ሊቅ የነበረው ሽማግሌው ሮሱም በአንድ ደሴት ላይ ተቀምጦ ሲመራመር እንደ ሕያው ሥጋ የሚሆን፣ ግን በሌላ ኬሚካላዊ መንገድ የሚሠራ ንጥረ ነገር አገኘ። ምኞቱ ሰውን አንድም ሳያጎድል ደግሞ መሥራት ነበር፤ አልሆነለትም። የወንድሙ ልጅ፣ ወጣቱ ሮሱም፣ መሐንዲስ ነበርና የሰውን አካል እንደ ሞተር ንድፍ አገላብጦ አየው። ለሥራ የማያስፈልገውን ሁሉ፣ ደስታን፣ ሙዚቃን፣ በእግር መንሸራሸርን ሳይቀር አወጣና ቀላል፣ ርካሽ፣ ፈጣን ሠራተኛ ሠራ።

ፋብሪካው እንደ ዳቦ ቤት ይሠራል። ሊጡ በትላልቅ ገንዳዎች ይቦካል፤ ጉበቱና አንጎሉ በየበርሜሉ ይዘጋጃል፤ ነርቭና የደም ሥር እንደ ክር ይፈተላል። ከዚያ እያንዳንዱ አካል ተገጣጥሞ ይደርቃል፣ ቋንቋና ሥራ ይማራል፣ በመርከብ ተጭኖ ይሸጣል። ዓይነታቸው ብዙ ነው፦ ለጉልበት ሥራ ሸካራው፣ ለቢሮ ላቅ ያለው፤ ገዢ ስለሚፈልግ ብቻ በሴት መልክ የተሠሩ ጸሐፊዎችና አስተናጋጆችም አሉ። ወጣቱ ሮሱም ቁመታቸው አራት ሜትር የሆነ ግዙፎች ሞክሮ ነበር፤ ያለ ምክንያት ይሰባበሩ ስለነበር ተዋቸው። ሮቦቶቹ ጾታ ቢኖራቸውም አይወልዱም፤ ዕድሜያቸው ሃያ ዓመት ያህል ነው፤ ሞትንም አይፈሩም። ሕመም ስለማይሰማቸው ግን እጃቸውን በማሽን ውስጥ ያስቆርጣሉ። ይህ ለባለ ፋብሪካው ኪሳራ ነው። ስለዚህ የፊዚዮሎጂ ኃላፊው ዶክተር ጋል ሕመም የሚያሰማ ነርቭ ሊጨምርላቸው ይሞክራል። ሕመም የተፈጠረላቸው ለምሕረት አልነበረም፤ ንብረት እንዳይበላሽ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በሽታቸው ነው። አንዳንድ ጊዜ አንድ ሮቦት የያዘውን ሁሉ ይጥላል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ቆሞ ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ ብልሽት ይለዋል፣ ሮቦቱም ወደ መፍጫው ይላካል። ደሴቲቱን ልትጎበኝ የመጣችው ሄለና ግን ነፍስ ሊሆን ይችላል ትላለች። በእሷ ልመና ዶክተር ጋል የጥቂቶቹን ተፈጥሮ በምስጢር ይለውጣል። እነዚያ ያምጹና የሰውን ዘር ያጠፋሉ፤ የማምረቻው ምስጢር ደግሞ አስቀድሞ በሄለና እጅ ተቃጥሏል። ድል አድራጊዎቹ መራባት የማይችሉ፣ በሃያ ዓመት ውስጥ የሚያልቁ ዘር ሆነው ቀሩ። በሕይወት የተተወው አንድ ሰው አልኲስት የሚባለው ግንበኛ ነው፤ ሮቦቶቹ የማሩት እንደ እነሱ በእጁ ስለሚሠራ ነው። የተውኔቱ ማዕከል ይህ ይመስላል። ከላስታው ትረካ ጋር ሲታይም ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል፦ በገድሉ የማይደክመው ከሚደክመው ጎን ቆመ፤ በቻፔክ ፋብሪካ የማይደክመው በሚደክመው ምትክ ቆመ፣ ደመወዝም ጠፋ።

በዚያው ጊዜ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን ሲኒማ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ይጠራው ነበር። በግድግዳ ላይ የሚራመዱ ጥላዎች አዲስ ነገር ነበሩ፤ ማሽን በራሱ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው በውስጡ መንፈስ መኖሩን መጠርጠሩ የፕራግም የአዲስ አበባም ተመልካች የተጋራው ስሜት ነው። የሮቦት ታሪክ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በዋናነት በዚሁ በፊልም በር ነው።

ከቻፔክ በኋላ የሮቦት አካል ከሥጋ ወደ ብረት ተለወጠ። አይዛክ አሲሞቭ በ1942 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ሦስቱን የሮቦት ሕጎች ደነገገ፦ ሰውን አለመጉዳት፣ መታዘዝ፣ ራስን መጠበቅ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ሕጎቹ ከፖዚትሮን አንጎላቸው ሥሪት ጋር የተዋሐዱ ስለሆኑ መጣስ ለአሲሞቭ ሮቦት ኃጢአት ሳይሆን በሽታ ነው። ፍሬድ ሴበርሃገን በ1963 የጀመረው ተከታታይ ታሪክ ደግሞ ሠሪዎቻቸው ካለቁ በኋላም ሕይወት ያለውን ሁሉ እያሳደዱ የሚያጠፉ የጦር ማሽኖችን አመጣ።

ስታኒስዋፍ ሌም የተባለው ፖላንዳዊ ደራሲ በ1964 «የማይሸነፈው» በሚለው ልብ ወለዱ የበትለርን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ወሰደው። በአንዲት በረሃማ ፕላኔት ላይ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የወደቀ መርከብ ማሽኖች ያለ ሠሪ ይቀራሉ። ሁለት ወገን ይሆናሉ፦ ትልልቆቹ ብልህ ናቸው፣ ግን ብዙ ኃይል ይፈጃሉ፤ ትንንሾቹ ዝንብ የሚያህሉ፣ ባለ ሦስት ክንድ ናቸው፣ በጥቂት ኃይል ይኖራሉ። ያሸነፉት ትንንሾቹ ናቸው። አንዷ ለብቻዋ ምንም አታስብም፤ አደጋ ሲመጣ ግን በደመና መልክ ተሰብስበው እንደ አንድ አካል ይዋጋሉ፣ የጠላትን ትዝታ ያጠፋሉ። ለማንም አይሠሩም፤ ጌታም ዓላማም የላቸውም። ሌም በዚህ ልብ ወለድ የማሽን ባዮሎጂን ከሥራ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ለየው፤ ውጤቱም አስፈሪ ነው።

በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ግን ከሁሉ የታወቀው የማሽን ዘር የመጣው ከመጫወቻ ሱቅ ነው። የጃፓኑ ታካራ ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ መኪናና አውሮፕላን የሚለወጡ ሮቦቶች ይሸጥ ነበር፤ በየሮቦቱ ወንበር ላይ ትንሽ ሰው፣ ሾፌር፣ ይቀመጣል። የአሜሪካው ሃዝብሮ መጫወቻዎቹን ወስዶ በ1984 «ትራንስፎርመርስ» ብሎ ሲያወጣ ሾፌሩን አስቀረው። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ማሽኑ ራሱ ሕያው ሆነ። የማርቭል ጸሐፊዎች አገር (ሳይበርትሮን የምትባል የብረት ፕላኔት)፣ ስም፣ ጠባይና ጦርነት ሰጡት፤ ኦፕቲመስ ፕራይም የሚመራቸው አውቶቦቶች ከሜጋትሮን ዲሴፕቲኮኖች ጋር ይዋጋሉ።

ባዮሎጂው ባንድ ጊዜ አልተጻፈም፤ በየዓመቱ እየተጨመረ አደገ። ምግባቸው ኢነርጎን ነው፤ ሲያልቅባቸው እንደ ራበው ሰው ይዝላሉ፣ ፕላኔቲቱንም የከፈለው ጦርነት በአብዛኛው የዚህ ምግብ ጦርነት ነው። አካላቸው ሁለት መልክ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞራቸው በውስጣቸው ያለ የመለወጫ ጥርስ ነው፣ እሱ የተበላሸበት ባለበት መልክ ይቀራል። በ1996 የተጀመረው «ቢስት ዋርስ» የሕይወታቸውን ምንጭ «ስፓርክ» ብሎ ሰየመው፤ በደረት ውስጥ የሚበራ ነገር ነው፣ አካሉ ቢለወጥም እሱ አይለወጥም። መልክ ያልያዘው አዲስ አካልም ፕሮቶፎርም ተባለ። ዓይነታቸው ሰፊ ነው፦ አምስት ስድስት ሆነው ተገጣጥመው አንድ ግዙፍ የሚሆኑ፣ የነፍሳት መልክ ይዘው እህልና ብረት የሚበሉ፣ ከቁራጭ ብረት ራሳቸውን እየጠገኑ የሚኖሩ።

አመጣጣቸው ላይ ግን ሁለት የማይታረቁ ታሪኮች አሉ። በቴሌቪዥኑ የካርቱን ተከታታይ፣ በ1986፣ ኩዊንተሰን የሚባሉ ፍጡራን ለሽያጭ እንደሠሯቸው ተነገረ፦ አውቶቦቶቹ የቤት ዕቃና አገልጋይ፣ ዲሴፕቲኮኖቹ የጦር መሣሪያ ሆነው። ሕሊና ሲያገኙ አምጸው ሠሪዎቻቸውን አባረሩ። ይህ የቻፔክ ተውኔት ልጅ ነው። በማርቭል መጽሔት ደግሞ ሲሞን ፈርማን ፕራይመስ የሚባል አምላክ ከክፉው ዩኒክሮን ጋር ሲዋጋ የፈጠራቸው እንደሆኑ ጻፈ። በአንዱ ሸቀጥ፣ በሌላው ፍጡር ናቸው፤ ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል።

በ1989 የ«ስታር ትሬክ» ቦርግ፣ ሰውን ከማሽን ጋር እያዳቀለ በግድ የሚያባዛ ዘር ሆኖ ብቅ አለ፤ በ1999 «ዘ ማትሪክስ» ሰውን ራሱን ለማሽን ኃይል ማመንጫ አደረገው።

በኢትዮጵያ ምድር የተቀረጸ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ለዓለም የቀረበው በ2015 ነው። ሚጌል ያንሶ የሠራውና ዳንኤል ታደሰ የተወነበት «ክራምብስ» ከጥፋት በኋላ ባለ ዓለም፣ በሰማይ ላይ ዝም ብሎ ለዘመናት የተንጠለጠለ መርከብ መልሶ ሲንቀሳቀስ የሚጀምር ታሪክ ነው። በውስጡ የሚዋጋ ሮቦት የለም፤ የቀሩት ሰዎች የሚያመልኩት የአሮጌ ፋብሪካ ዕቃ ፍርፋሪ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ማሽኗ ራሷ መጣች። በ2018 አጋማሽ በሆንግ ኮንግ ሃንሰን ሮቦቲክስ የተሠራችው ሶፊያ አዲስ አበባ ገባች። የሳውዲ አረቢያ ዜግነት ካገኘች ዓመት አልሞላትም። ከአካል ክፍሎቿ የተወሰኑትን የያዘው ሻንጣ በጉዞ ላይ ጠፍቶ መርሐ ግብሯ ተስተጓጎለ፤ በኋላ ግን በቤተ መንግሥት ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኝታ ጥቂት ቃላት በአማርኛ ተናገረች። በሶፍትዌሯ ላይ ከሠሩት መካከል በ2013 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የአይኮግ ላብስ ወጣት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይገኙበታል። ፊቷን የዓለም ካሜራ ሁሉ አነሣው፤ ኮዱን የጻፉት እጆች ስም ግን በዜናዎቹ ውስጥ እምብዛም አልተነሣም፤ ይህም ያሳዝናል።

የማሽን ዘር ልብ ወለድ በ2024 ወደ ሥራ ጥያቄ ተመለሰ። በዚያ ዓመት መስከረም የወጣው «ትራንስፎርመርስ ዋን» የተሰኘው የአኒሜሽን ፊልም የኦፕቲመስ ፕራይምንና የሜጋትሮንን ወጣትነት ያሳያል። ኦራየን ፓክስና ዲ-16 በሚባሉበት በዚያ ዘመን ሁለቱም ከከተማይቱ ከአያኮን በታች ዓለት እየፈለጡ ኢነርጎን የሚያወጡ ቆፋሪዎች ናቸው። የመለወጫ ጥርስ የላቸውም፤ ሲወለዱም ያልነበራቸው፣ ለቁፋሮ ብቻ የተፈጠሩ እንደሆኑ ተነግሯቸው ኖረዋል። ወደ ምድሪቱ ገጽ ሲወጡ እውነቱን ይደርሱበታል፦ መሪያቸው ሴንቲነል ፕራይም ገና ነቅተው ሳይነሡ ጥርሱን ከደረታቸው አስወጥቶባቸዋል፤ እነሱ ያወጡትንም ኢነርጎን ለኩዊንተሰኖች ይገብራል። ኦራየን ጥርሱ ለሁሉም ቆፋሪ እንዲመለስ ፈለገ፤ ዲ-16 ሴንቲነልን በገዛ እጁ ገደለው፣ ሁለቱ ጓደኞችም ከዚያ በኋላ ተለያዩ።